የሲሲ ኖምሳ አፍ

ነገሩ የሆነው በ2001 ዓ.ም. ሐምሌ፣ የጆሃንስበርግ ብርድ ጣት በሚያደነዝዝበት ወቅት ነው። ያስታወሰኝ የልጄ ስልክ ነው። ትናንት ከጓደኛዋ ጋር ስታወራ በየመሃሉ «ላይክ»፣ «ዩ ኖው» ስትል አባቷ፣ «ይሄ ወሬ ነው መንተባተብ?» ብሎ ቀለደባት። እኔ አልሳቅሁም።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ዮቪል በሚባለው የከተማው ሰፈር የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ትንሽ ቤት ጨርቅ እቆርጥ ነበር። አጠገቤ የምትሰፋው ኖምሳ የሶዌቶ ልጅ ናት። በአሥር ዓመት ስለምትበልጠኝ እንደ አገሯ ልማድ «ሲሲ»፣ እህቴ፣ እላት ነበር። ሲሲ ኖምሳ ሳትሳደብ ዐረፍተ ነገር አትጨርስም። ክሩ ብለዲ ነው፣ የተረገመ እንደ ማለት፤ ብርዱም ብለዲ ነው፤ ሌላውን መጻፍ አልችልም። እኔ በሆዴ «አቤቱ ይቅር በላት» እያልኩ አማትባለሁ። እሷ ደግሞ በምሳ ሰዓት ማግዊኛ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ ገምሳ፣ ሳልጠይቃት እጄ ላይ ታኖራለች።

አንድ ቀን የሠላሳ ሸሚዝ እጅጌ አጥሮ ተገኘ። የስፌት ቤቱ ባለቤት ሽማግሌ ሰው ናቸው። ፊቴ ቆመው «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው?» አሉኝ። የቆረጥኩት እሳቸው በጻፉልኝ ልክ ነበር። ግን እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲቆጣ ዓይን ዓይኑን አይታይም። አቀርቅሬ ዝም አልኩ። እሳቸው ጥፋቴን ያመንኩ መሰላቸው።

«ቦርሳሽን ያዢና ሂጂ።»

ከዚያ ሥራ ሌላ እንጀራ አልነበረኝም።

ሲሲ ኖምሳ ማሽኗን አቁማ ተነሣች። «እኔም ስቆጣት እንዲህ ናት! ብለዲ ጫማዋን ነው የምታየው! መጀመሪያ ትናገር እንጂ!» አለቻቸው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፣ «ቀና በዪ! ቃል ከጠፋሽ ‹ዌል› በዪ፣ ‹ዩ ኖው› በዪ። አፍሽን ከከፈትሽ ሰው ይጠብቅሻል።»

ቀና አልኩ። «ዌል…» አልኩ። «ዩ ኖው… ዩ ኖው…»

ሰውየው እውነትም ጠበቁኝ። በመጨረሻ ቃሉ መጣ፦ «ወረቀቱ አለ።» ከሽርጤ ኪስ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው የገዛ እጅ ጽሕፈታቸውን አነበቡ። «ኤሽ!» አሉ፤ እዚህ አገር ሰው ሲደነግጥም ሲያፍርም የሚላት ናት። ከዚያ ወደ ሥራዬ እንድመለስ በእጃቸው አመለከቱኝ።

እነዚያን ትርጉም የላቸውም የሚባሉ ትናንሽ ቃላት ዛሬም አከብራቸዋለሁ። ሥራዬን ለማትረፍ የበቃ ፋታ ሰጥተውኛል። ስድቡን አልለመድኩትም፤ በቤቴም አይነገርም። ግን እግዚአብሔር በዚያ አፍ እንደረዳኝ አልክድም።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ጠብቄ፣ «ሲሲ፣ የክርስትና ስምሽ ማን ነው? በጸሎት ላነሣሽ» አልኳት።

ከት ብላ ሳቀች። «ማርታ። ይህን ብለዲ አፌን ግን ለእግዚአብሔር እንዳትነግሪብኝ።»

ማሽኖቹ ሥራ ሳይጀምሩ ጥግ ይዤ «ማርታን አስባት» አልኩ። አፏን አልነገርኩባትም። እስከ ዛሬም አልነገርኩባትም።