እንግዳ የጠበቀ ስንዴ

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ አበረ ከአገር ቤት፣ ከገሳይ ደወለ። የልጅ ልጄ ክርስትና እሁድ ነው፤ እሱም ለክርስትናው ማር ይዤ እመጣለሁ ብሎ አስጎምጅቶን ነበር። "እታለም፣ እንዳትቀየሚኝ፣ አልመጣም መሰለኝ" አለ። "ስንዴው ደርሷል። ከግብርና ጽሕፈት ቤት እንግዶች መጥተው እስኪያዩት ድረስ እንዳትነካው ብለውኛል፤ እነሱ ካዩት በኋላ ነው የማጭደው።" ሽንኩርት እየላጥሁ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥሁና "መልሼ እደውላለሁ" ብዬ ዘጋሁበት። ንዴቴ እስኪበርድ ቁጭ አልሁ። አልበረደም።

ፓኬጅ የሚባለው የምርጥ ዘርና የማዳበሪያ ነገር ወደ አገራችን በገባበት ሰሞን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ደብረ ታቦር ቤት ተከራይተን የምንማር የገጠር ልጆች ብዙ ነበርን። ኑሯችን በስንቅ ነው፤ አርብ ከሰዓት በእግር ወይ በጭነት መኪና ወደየቤታችን እንሄዳለን፣ እሁድ ድርቆሽና የሽሮ ዱቄት ተሸክመን እንመለሳለን። ስንቅ ከሌለ ትምህርት የለም። ይህን ማንም አይነግርህም፣ ሁሉም ያውቀዋል።

አባቴ ከቀበሌው ገበሬ ሁሉ ቀድሞ እሺ አለ። ዘመኑ የሚባል የልማት ሠራተኛ ነበረ፣ ካፖርቱ የሰፋበት ቀጭን ልጅ። እሱ እንዳሳየን ክር ወጥረን ምርጥ ዘሩን በመስመር ዘራነው፤ ወገባችን ተቆረጠ። ጎረቤቶች በዚያ ሲያልፉ፣ "አያ ካሳ፣ መሬቱን ልትሰፉት ነው እንዴ?" እያሉ ያሾፋሉ። አባቴ ደግሞ ቀና ሳይል፣ "ኅዳር ላይ እንተያያለን" ይላቸዋል።

ተያየንም። ስንዴው እስከ ወገቤ ደርሶ፣ ንፋስ ሲነካው ይንሿሿ ነበር። እናቴ አንድ ዛላ በመዳፏ አሽታ፣ እፍ ብላ ጥሬውን አፏ ውስጥ ጣለችና፣ "የልጅዎ ስንቅ ይኸውልዎ" አለችው። ሌላው መሬታችን ላይ ያለው የሳሳ ገብስ ነው። የቤታችን የዓመት ጉሮሮ እዚያ ማሳ ላይ ቆሞ ነበር።

ደቦ የተጠራው ለሰኞ ነው፤ እኔም ለአጨዳው ብዬ ያን ሰሞን ከትምህርት ቀርቼ ነበር። በእኛ አገር ደቦ ተራ አለው፤ ተራህን ከለቀቅህ የሰዉ ሁሉ አጨዳ ሳያልቅ አይመለስልህም። ቅዳሜና እሁድ ማጭድ አይነሣም፣ በመሀልም የሚካኤልና የማርያም ቀን አለ።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዘመኑ መጣ። ዓይኑን ከእናቴ ያሸሻል።

"አያ ካሳ፣ ሐሙስ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። የመስክ ቀን ነው። ስንዴው እንደቆመ ሊያዩት ነው የሚፈልጉት።"

"ጠላው ተጠምቋል፣ ሰው ተጠርቷል" አለች እናቴ። "ታጭዶ ክምሩን ቢያዩት ምን ይሆናሉ?"

"እኔም ታዝዤ ነው፣ እትዬ።"

አባቴ ወደ ማሳው ዞረ። "አገር አቋርጠው እኔን ብለው የሚመጡ ሰዎችን በባዶ ማሳ ልቀበል? አይደረግም። ሐሙስ እኮ ቅርብ ነው።"

ይኸው ነው የእኛ ሰው በሽታ። ቢያጭደው ማንም አያስረውም ነበር። ይሉኝታ ነው ያሰረው። ደቦው ሰኞ ወደ ጎረቤት ማሳ ዞረ፤ የእኛንም ጠላ እዚያው ጠጡት።

ሐሙስ አባቴ የታጠበ ጋቢውን ለብሶ ከጠዋት ጀምሮ መንገድ ዳር ቆመ። እናቴ ድፎ ዳቦ ደፍታለች። መኪና ባለፈ ቁጥር ጋቢውን ያስተካክላል። አልመጡም። አመሻሹ ላይ ዘመኑ ብቅ ብሎ፣ "ስብሰባ ገጥሟቸው ነው፣ ለሚቀጥለው ሳምንት ተብሏል" አለ። እናቴ ማጭዱን ከተሰቀለበት አወረደች፣ "እኛው እንጨደው" አለች። አባቴ ከእጇ ተቀብሎ መልሶ ሰቀለው። "ቃል ሰጥቻለሁ" አለ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሰማዩ በጉና ተራራ በኩል ጠቆረ። ኅዳር ላይ እንዲያ ያለ በረዶ ማን ይጠብቃል? የቤቱን ክዳን ሲደበድብ እርስ በርሳችን አንሰማማም ነበር። ሲያባራ ወጣን። ስንዴው ተኝቷል፤ ፍሬው ረግፎ ከጭቃና ከበረዶ ጋር ተለውሷል። እናቴ በጉልበቷ ተንበርክካ ትለቅም ጀመር። እጇ በብርድ ቀላ። "ይብቃሽ፣ እማ" ብላት አልሰማችኝም። አባቴ ጋቢውን ተከናንቦ እንደቆመ ቀረ።

እንግዶቹ ሲመጡ ጭቃው ገና አልደረቀም። ነጭ ኮፍያ ያደረገው አለቃቸው ዙሪያውን አየና "የቱ ነው ማሳው?" አለ። ዘመኑ አቀርቅሮ ወደተኛው ስንዴ ጠቆመ። ሰውዬው ከንፈሩን መጠጠ። "የተፈጥሮ ነገር ነው፤ በርቱ፣ ለከርሞ ይሳካል" ብሎ፣ እናቴ ያቀረበችውን ዳቦ ቆሞ ቀመሰ፣ የጫማውን ጭቃ በድንጋይ ጠረገና መኪናው ውስጥ ገባ። አባቴ እስከ መኪናው በር ሸኛቸው። ጎንበስ ብሎም "ደክማችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ" አላቸው።

ከበረዶው ይልቅ ያቃጠለችኝ ያች ምስጋና ናት። እስከ ዛሬም ታቃጥለኛለች።

የተለቀመው ለዘር እንኳ አልበቃም። በሚቀጥለው እሁድ ደብረ ታቦር የሄድሁት ስንቅ ተሸክሜ ሳይሆን ፍራሼንና ደብተሮቼን ልመልስ ነው። አባቴ "ለከርሞ ትቀጥያለሽ" አለኝ። ለከርሞ እኔ ባሕር ዳር ሰው ቤት ልብስ አጥብ ነበር። እሱም እስኪሞት ድረስ የዚያን ስንዴ ነገር አላነሣልኝም፤ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ አልጠየቅሁትም።

ሽንኩርቱን ትቼ ለአበረ ደወልሁ።

"እጨደው" አልሁት። "ክርስትናውም ይቅር፣ ማሩም ይቅር። ዛሬውኑ ሰው ጥራና እጨደው። አንተ ያኔ ሕፃን ነበርህ፤ እማ ከጭቃ ስትለቅም አታስታውስም።"

"አስታውሳለሁ እንጂ፣ እታለም። ግን እንዴት ብዬ? ሰዎቹ እኮ እኔን ብለው ነው የሚመጡት። ሐሙስ ቅርብ ነው።"

ድምፁ የአባቴ ድምፅ ነው። አባታችን ያወረሰው መሬቱን ብቻ መስሎኝ ነበር። አፌ ላይ የመጣውን ስድብ ዋጥሁት።

"ሰማዩስ?" አልሁት።

ወደ ደጅ ሲወጣ የበሩን ሲጥታ ሰማሁ።

"በጉና በኩል ትንሽ ጠቆር ብሏል" አለ። "ግድ የለም፣ ምንም አይል።"