ምስክሩ ምን አለ?

ይህን ለሚስቴም ሆነ ለንስሐ አባቴ ተናግሬው አላውቅም። እናንተ ስሙኝ፤ ግን አትዘኑልኝ። ብትናደዱብኝ ይሻለኛል።

ሻለቃ ዘውዱ በድሮው የሰሜን ጦርነት አዛዤ ነበሩ፤ እኔ የሬዲዮ ሠራተኛቸው። የማፈግፈጉን ትእዛዝ ተቀብዬ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። በኋላ የበላዮቹ «እኛ አላዘዝንም» ብለው ካዱ። በዝግ ቤት ጠሩኝና ጠየቁኝ። እኔም ዐይኔን በጨው አጥቤ «ምንም አልሰማሁም» አልኩ። እሳቸው ማዕረጋቸው ተገፎ ታሰሩ። እኔ ምን ሆንኩ? ምንም።

ስደት ሁለታችንንም ሎስ አንጀለስ ጣለን፤ ዳውንታውን አንድ ፓርኪንግ ውስጥ አብረን ሠራን። ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሾች ሰፈር፣ ሁሌ በምንበላበት ምግብ ቤት፣ የሀገራችን ሰው «ፈርጣጩ» እያለ ያማቸው ነበር። እሳቸው ግን መጠየቄን ስለማያውቁ «ይህን ልጅ ያኔ ጠይቀውት ቢሆን ነፃ እወጣ ነበር» ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ጥብሴን እበላለሁ። በመጨረሻ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ጉዳያቸውን ሊሰማ ቀጠረ። ምስክራቸው ማን ነው? እኔው።

ከቀጠሮው በፊት ባለው እሑድ፣ ምግብ ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ የድሮ የካውቦይ ፊልም መጣ። ምሽጉን ጥሎ ሸሸ ተብሎ የተዋረደ ወታደር፣ ትእዛዙን ያመጣለትን መልእክተኛ ፍለጋ በፈረስ ይንከራተታል። እንግሊዝኛው ስለሚፈጥንባቸው እተረጉምላቸው ነበር። መጨረሻ ላይ መልእክተኛው ችሎት ፊት ቆሞ «ትእዛዙን ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ዋሽቻችኋለሁ» አለ። ሻለቃ እጃቸውን ከትሪው ሰበሰቡ።

«ምን አለ?»

«አላስታውስም አለ።»

ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ብተረጉማት ምን ይጎድልብኝ ነበር? ፊልም እኮ ነው። እኔ ግን ከተረጎምኳት የራሴን የምናገር መሰለኝ። ውሻ ነኝ።

ፊልሙ ላይ አንድ ጄኔራል ለወታደሩ ማዕረጉን ሲመልስለት አይተው ሻለቃ ግራ ተጋቡ። «ታዲያ ይሄ እንዴት ሆነ?»

«ራርተውለት ነው፣ ሻለቃ።»

ትሪውን ገፋ አደረጉ። «ሶ፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ የሚያስታውስ የለም ማለት ነው። አንተም ብትረሳ አልፈርድብህም። በርኅራኄ የሚመጣ ማዕረግ ግን አልፈልግም። ደውልና ቀጠሮውን ካንስል አድርገው።»

ደወልኩ። ደስ እያለኝ ደወልኩ።

በዓመቱ አረፉ። የሕይወት ታሪካቸውን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳነብ የተመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የልብ ወዳጃቸው ነኛ። «አቶ ዘውዱ» ብዬ ጀመርኩ። ጦርነቱን ዘለልኩት። ጨርሼ ስወርድ ሰው ሁሉ «አይዞህ» እያለ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

የበፊቱን ፈርቼ ነው ልል እችል ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ባነበብኩ ቀን ግን የምፈራው ሰው አልነበረም።