ያልገለበጥኩት ጫማ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና፣ የኤደን ሙቀት ሳይበረታ ነው። አልረሳውም፤ ልርሳው ብልም ጉልበቴ አይፈቅድልኝም። ከኔ የተሻለ የሚያስታውሰው እሱ ነው።

ደሴ ተወልጄ በልጅነቴ ከየመናዊ አባቴ ጋር ኤደን የገባሁ ሽማግሌ ነኝ። ሰባን ካለፍኩ ወዲህ አንድ ደስታ ብቻ ነበረኝ፤ ከፈጅር፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ ከጎረቤቴ ከሳሊህ ጋር በአል-ዐሪሽ ባህር ዳር መሮጥ። መሮጥ ስል ለወጉ ነው፤ ሶምሶማ የማያውቅ ውሻ እንኳ እየተራመደ ይቀድመን ነበር። ግን ሁለታችን የልባችንን የምናወራው እዚያ ብቻ ነው። ቤት ውስጥማ ሚስቶቻችን ይሰማሉ።

ከዚያ ጉልበቴን ያመኝ ጀመር። ባለቤቴ ሐሊማ በጥቁር አዝሙድ ዘይት እያሸች፣ «ዕድሜህ ነው፣ አርፈህ ተቀመጥ» አለችኝ። ሳሊህም «ሞተሩ አርጅቷል፣ ሽማግሌው!» እያለ ሳቀብኝ፤ በሦስት ወር የሚበልጠኝ ሰውዬ! እኔም አመንኳቸው። ዕድሜዬን እየረገምኩ መሮጤን ቀጠልኩ። ካቆምኩ ሳሊህን አጣዋለሁ ብዬ ፈራሁ።

ጫማዬን ማን ይጠርጥረው? በየሐሙሱ በጥርስ ብሩሽ አጥቤ አሰጣዋለሁ፤ ላዩ ነጭ፣ ክሩ ነጭ። ታችኛውን ግን አይቼው አላውቅም። እኛ ዘንድ የጫማ ሶል ወደ ሰማይ አይዞርም። መስጂድ በር ላይ የተገለበጠ ጫማ ካገኘን «አስተግፊሩላህ» ብለን በእግራችን ጫፍ እናቃናዋለን እንጂ፣ ጎንበስ ብሎ ሶል የሚመረምር የለም።

አንድ ማለዳ ሩጫው መሃል ላይ ጉልበቴ ከዳኝና አሸዋው ላይ ተደፋሁ። ሳሊህ ለምስጋና ሱጁድ ግንባሬን መሬት ያስነካሁ መስሎት በአክብሮት ቆሞ ጠበቀኝ። ስጮህ ነው የገባው።

ማዓላ ሰፈር ወደሚገኝ ክሊኒክ ወሰደኝ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወጣት ናት። ጉልበቴን ነካክታ ስትጨርስ፣ ከበሩ ሥር ያወለቅኩትን ጫማ አንስታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ሶሉን ወደ ፊቴ አድርጋ!

«አንቺ ልጅ፣ ነውር ነው፤ መልሺው!» አልኳት።

«ያ ዐሚ፣ አጎቴ፣ ነውሩስ ይሄ ነው» ብላ ተረከዙን አሳየችኝ። በአንድ በኩል ተበልቶ አጋድሏል። ጥርሱ አልቆ እንደኔ ራስ መላጣ ሆኗል። በአውራ ጣቷ ስትጫነው ስፖንጁ እንደጎደጎደ ቀረ። «ይሄ ከሞተ ቆይቷል። እሱ መሸከም ሲያቅተው ጉልበትዎ ተሸከመ። ማመም ሲጀምርዎ ቀድሞ መቀየር የነበረበት ይሄ ነው።»

«ዛሬውኑ ብቀይረውስ?»

«ለመራመጃ ይቀይሩት» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጉልበትዎ ግን ብዙ ተጎድቷል፤ ሩጫው ከእንግዲህ ይቅርብዎ።»

ቤት ስገባ ሐሊማ «ዕድሜህ ነው አላልኩህም?» አለች። ዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ የሚመሰክርለት ጠፋ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ባህሩ ዳር ካለው ግንብ ላይ እቀመጣለሁ። የሚሮጥ ባየሁ ቁጥር የጫማውን ሶል ካላየሁ ካላየሁ ይለኛል። አንዱን ጎረምሳ «እስቲ ጫማህን ገልብጠህ አሳየኝ» ብለው፣ እንደ እብድ አይቶኝ ፍጥነቱን ጨመረ።

ሳሊህ በመጀመሪያው ሰሞን እየቆመ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። በኋላ ቆም ብሎ ሰላምታ ብቻ ሆነ። አሁን ሌላ የሩጫ ጓደኛ አግኝቷል፤ ወሬያቸው ደርቶ ሲያልፉ እጁን ብቻ ያወዛውዝልኛል። ይመረኛል፣ አልዋሽም። ግን ወላሂ፣ ራሴን አውቀዋለሁ፤ እኔ ብሆን ኖሮ እጄንም አላወዛውዝም።