ከመኪናው የማይወጣው አልበም

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ሴንቴኒያል ከተማ አንድ ሱቅ ውስጥ ቲማቲም እየመረጥኩ ሳለ፣ ከጣሪያው ስፒከር ሻከር ያለ የወንድ ድምፅ በጊታርና በድራም ታጅቦ በጣሊያንኛ መዝፈን ጀመረ፣ እኔም ቃሉ ሳይገባኝ ቀጥሎ የሚመጣውን ስንኝ ቀድሜው አንጎራጎርኩ። ዘፈኑ ከአባቴ ሲዲ ላይ ነበር።

አባቴ አሜሪካ ከመግባቱ በፊት አምስት ዓመት ሮም ኖሯል። እኔና እናቴ አዲስ አበባ ሆነን ስንጠብቀው እየደወለ «ቢሮ ነው የምሠራው» ይለን ነበር። በመጨረሻ አውሮራ ከተማ ላይ ተገናኝተን አንድ አፓርትመንት ውስጥ መኖር ስንጀምር፣ ከሮም ካመጣቸው ጥቂት ዕቃዎች አንዱ ግጥሙንም ዜማውንም ራሱ የሚደርስ የአንድ ጣሊያናዊ ዘፋኝ አልበም ነበር።

በበረዶው ወራት አባቴ ከትምህርት ቤት ይወስደኝና፣ እናቴ ወደምትሠራበት የሌክውድ የአረጋውያን መጦሪያ ሄደን፣ ፓርኪንጉ ውስጥ ሂተር ከፍተን እንጠብቃት ነበር። አባቴ በጣቶቹ መሪውን እየመታ አልበሙን ያጫውታል፤ እናቴ ከበሩ ብቅ ስትል ግን ያጠፋዋል። እሷም ቀበቶዋን እያሰረች የጠፋውን ማጫወቻ አየት ታደርግና ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች። ቅር እንዳላት ይገባኝ ነበር፣ ምክንያቱን ግን አላውቅም።

በረዶው ቀልጦ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ፣ አንድ ቅዳሜ ሲዲውን ከመኪናው አውጥቼ ሳሎን ውስጥ ከፈትኩት። ከሥራ ገብታ ዩኒፎርሟን ገና ያልቀየረችው እናቴ መጥታ ዘጋችውና፣ ሽፋኑን ገልጣ በሰማያዊ እስክሪብቶ ከተጻፈው መስመር አንዱን ቃል በጣቷ አሳየችኝ።

«አሞሬ፣ ፍቅሬ ይላል» አለች። «ይሄን ለመረዳት ጣሊያን አገር መኖር አያስፈልግም።»

ከሥሩ ፍራንካ የሚል ስም ነበር። ወዲያው አባቴ አስቤዛ ይዞ ገባ። እናቴ ሽፋኑን ልታስቀምጥ ስትል፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበርኩት እኔ «አባዬ፣ ፍራንካ ማናት?» አልኩት።

አባቴ ፌስታሎቹን መሬት አስቀመጠ። የሚያየው እኔን ሳይሆን እናቴን ነበር።

«ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነበር» አለ። «እሳቸው ቤት እየኖርኩ አጥባቸው፣ አለብሳቸው፣ ሽንት ቤት እወስዳቸው ነበር። ስሰናበታቸው ቋንቋውን እንዳትረሳ ብለው ነው የሰጡኝ። አሞሬ የሚሉኝም እንደ ልጃቸው ነው።»

«ታዲያ እኔ ስመጣ ለምን ታጠፋዋለህ?»

«ቢሮ ነው የምሠራው ብዬሽ ነበራ፣ ሰናይት። ስለ ሲዲው ከጠየቅሽኝ የቀረውንም መናገሬ ነው።»

እናቴ የለበሰችውን ዩኒፎርም ዝቅ ብላ አየችው። «እኔ ሌክውድ ምን የምሠራ ይመስልሃል? በእኔም ታፍራለህ ማለት ነው?»

«በአንቺ አላፍርም።»

«አራት ዓመት ሙሉ እኮ ሌላ ነገር እያሰብኩ ኖርኩ» አለችና ሶፋው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። አባቴ ከአጠገቧ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፣ እኔንም ወተቱን ፍሪጅ እንዳስገባ ላከኝ።

በማግስቱ እናቴ «ደውልላቸው» አለችው። ስልኩን ያነሳው የልጅ ልጃቸው ነበር፣ ሴትዮዋ ካረፉ ዓመት እንዳለፋቸው ነገረው። አባቴ አመስግኖ ዘጋ።

በጋ ሲገባ ወደ ተራራው ስንነዳ ሲዲውን የምትከፍተው እናቴ ሆነች፣ አባቴም ይተረጉምልን ጀመር። እሷ የፍቅር ስቃይ ነው ብላ ያሰበችው ዘፈን ስለተሸነፈ የእግር ኳስ ቡድን መሆኑን ስትሰማ እስክታነባ ሳቀች።

አሁን እኔም እናት ነኝ። ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ በእንግሊዝኛ ጥያቄዋን ትጀምራለች፣ ጃኬቴን እንኳ ሳላወልቅ በአማርኛ እመልስላታለሁ። አንዳንዱ ጥያቄዋ ያሳፍረኛል፣ አንዳንዱ ያደክመኛል። ያኔ በእኛ ቤት አለመጠየቅ መከባበር ይመስለን ነበር፤ ዛሬ በእኔ ቤት ጸጥ ያለ ሰዓት የለም፣ ጸጥታው አንዳንዴ ቢናፍቀኝም ልጄን ዝም በይ ብያት አላውቅም።