በሞተሩ ላይ የሰጠሁት ቃል

በእኛ አገር የታደሰ ሞተር ዋጋ የሚወጣለት በዕድሜው አይደለም። ገዢው መኪናውን ሦስት ጊዜ ዞሮ፣ ጎማውን በእግሩ መትቶ፣ ሊብሬውን አገላብጦ ካየ በኋላ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ማን ነው ያወረደው?» ሞተር ማውረድ ማለት ከመኪናው አውጥቶ፣ እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትቶ፣ የተበላውን ቀይሮ መልሶ መግጠም ነው። ያወረደው ሰው ስም ካለው ሞተሩም ዋጋ ያወጣል። ስም ከሌለው አዲስ ፒስተን ቢገባለትም ማንም አያምነውም። ይህን ያስተማሩኝ አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ የእሳቸውን ስም ያበላሸሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

አርብ ገበያ በምትባለው ከተማችን፣ ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ ሱቅ አላቸው። ከፊት ባለቤታቸው ጨውና ሳሙና ይሸጣሉ፤ ከኋላ፣ በቆርቆሮ በታጠረው ግቢ፣ እሳቸው ወፍጮም የውሃ ፓምፕም መኪናም ይጠግኑ ነበር። በጉርምስናዬ አራት ዓመት እዚያ ግቢ ውስጥ ጥቁር ዘይት ለብሼ ኖሬያለሁ። ብዙ አይናገሩም። የታመመ ሞተር ሲመጣ ያስነሡና «ዝም በልና ስማው» ይሉኛል። እስክሰማው ድረስ መፍቻ አያስነኩኝም። በኋላ ደብረ ታቦር ሄጄ ዲፕሎማ ያዝሁና ተመልሼ በመንግሥት ማሠልጠኛ የአውቶ መካኒክ አሠልጣኝ ሆንሁ። ሰማያዊ ቱታ ለበስሁ፤ ሰውም መምህር ይለኝ ጀመር። እውነቱን ለመናገር መምህር ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ ሳይሉኝ ሲቀሩ ደግሞ ውስጤ ቅር ይለው ነበር።

በዚያ ሰሞን እሳቸው አንዲት አሮጌ ባለ ቱርቦ የናፍታ ፒካፕ ገዝተው ነበር። ሞተሯ በወገዳ መንገድ ላይ ተቃጥሎ፣ ባለቤቱ ተስፋ ቆርጦ የጣላት ናት። ቱርቦ ማለት የጭሱ ግፊት የሚያሽከረክራት ትንሽ መዘውር ናት፤ አየር ጨምቃ ወደ ሞተሩ ታስገባለች። አየሩ በሳሳበት በእኛ ደጋ ያለ እሷ ጭነት ይዞ ዳገት መውጣት መከራ ነው። እሷን ፈትቶ መልሶ መግጠም ደግሞ የሰከነ እጅ ይጠይቃል። ሽማግሌው ስምንት ወር ሠሩባት። እስከዚያ ድረስ የሰው መኪና ጠጋኝ እንጂ የራሳቸውን ሞተር አውርደው ሸጠው አያውቁም ነበር። «ይች በደኅና ዋጋ ከወጣች ሰው ሞተሩን አምኖ ያመጣልኛል፤ የቀረኝን ዕድሜ ሞተር ሳወርድ እኖራለሁ» አሉኝ። የሚመኙት ይህን ብቻ ነበር።

አንድ አርብ ቀን ከወገዳ ሁለት ወንድማማቾች ሊገዟት መጡ። በዋጋ አልተግባቡም። በበሬ ግዢ እንደሚደረገው፣ ሻጭና ገዢ ካልተማመኑ አንድ አዋቂ ይመርጣሉ፤ ሁለቱም «እሱ ያለው ይሁን» ብለው ቃል ይገባሉ። ከዚያ በኋላ የሚከራከር ሰው በገበያው ነውረኛ ነው። ወንድማማቾቹ እኔን ጠሩ። ለእሳቸው እንዳላደላ ጠርጥረው ነበር፤ ግን የተማረ ነው፣ የመንግሥት ሰው ነው ተባባሉ። ሽማግሌው እኔ መሆኔን ሲሰሙ ፊታቸው ፈካ። «ይሁን፤ እሱ ያለው ይሁን» አሉ። ያን ፊት ዛሬም አየዋለሁ።

አስቀድመው አሙቀዋት እንደሆነ ለማወቅ ሞተሯን በመዳፌ ነካሁ። በረዶ ነበረች። ቁልፉ ሲዞር ወዲያው ተነሣች። ድምፁን ሰማሁት፤ አንድም የሚንኳኳ ነገር የለም። የዘይቱን ክዳን ከፈትሁ፤ ጭስ አይተፋም። ትንሽ ነድቻት ዳገቷን ስወጣ ቱርቦዋ ያለ ማንገራገር ጎተተች። በዚያ ከተማ ካየሁት ሁሉ የተሻለ የታደሰ ሞተር መሆኑን ለማወቅ አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም።

መልሼ ሳቆማት ግን ሰው ተሰብስቧል። ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ከዳር ቆመዋል። ደኅና ናት ብል ሙያ ላስተማረው ጌታው አደላ እንደሚሉኝ ታሰበኝ። ከዚህ የሚብሰውን ልናገር፦ ጉድለት ያላገኘ አዋቂ አዋቂ አይመስልም። ይህ ሁሉ ሰው ቆሞ አፌን እያየ፣ «ምንም የላትም» ብዬ ብቻ መሄድ ከበደኝ። ስለዚህ ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ፈታሁና ጣቴን ከተትሁ። ጣቴ ዘይት ነክቶት ወጣ። ሁሉም እንዲያየው ከፍ አደረግሁት።

«ቱርቦው ዘይት ያሳልፋል። አገጣጠሙ ላይ ጉድለት አለ» አልሁ።

ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ውሸት መሆኑን አውቄዋለሁ። በአሮጌ ባለ ቱርቦ ሞተር ከሆዱ የሚወጣው እንፋሎት በዚያ ቱቦ ያልፋል፤ ስስ የዘይት ወዝ ትቶ መሄዱ የተለመደ ነው። ይህን በዚያው ሳምንት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስዬ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሰው ጣቴን አየ፤ ከጣቴ ደግሞ ዞሮ ሽማግሌውን አየ። እሳቸው አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ቃል ገብተዋልና መልሰው ዘጉት። ንጹሕ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጉ ጀመር። ከጠየቁት ላይ ሩብ ያህል ቀንሼ ዋጋ ቆረጥሁ፤ ወንድማማቾቹም ፒካፗን ይዘው ወደ ወገዳ ሄዱ። የጁምዓ ጸሎት ሰዓት ደርሶ ስለነበር እሳቸው ወደ መስጊዱ ወጡ።

በማግስቱ ወደማስተምርበት ግቢ መጡ። ከአባቴ የሚበልጡ ሰው፣ በር ላይ ቆመው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። ሊወቅሱኝ መስሎኝ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን «ልጄ፣ የቱ ላይ ነው የሳትሁት? ንገረኝና ሁለተኛ እንዳልደግመው» አሉ።

ያን ጊዜ መናገር ይቻለኝ ነበር። ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። እኔ ግን ዘይቱን የሚያግደው ጎሚኒ ሲገጠም ትንሽ ዞሮ ይሆናል ብዬ ፈጠርሁላቸው። ይህ ሳያንሰኝ፣ «ዕድሜም አለ ጋሼ፤ ዓይን ይደክማል» ብዬ ጨመርሁበት። ማን ጨምር አለኝ? አመስግነውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ሞተር አላወረዱም። መጀመሪያ ሰው ሲመጣባቸው በሚቀጥለው ሳምንት ና ይሉት ነበር። በኋላ ወደ እኔ ይልኩት ጀመር። «እኔን እጄ ከድቶኛል፤ እሱ ዘንድ ሂድ» ብለውኛል እያለ ወፍጮውንም ፓምፑንም የሚያመጣልኝ በዛ። ተቀበልሁ። ከሥራ በኋላ የምሠራባት የግሌ ጋራዥ የቆመችው በዚያ ነው።

ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ያችው ፒካፕ ፍሬን ልትሠራ ወደ ጋራዤ መጣች። ወንድማማቾቹ የቀጠሩት ሹፌር ነው ያመጣት፤ የመካነ ኢየሱስ ልጅ ነው፣ ስለ ገበያው ነገር የሚያውቀው የለም። ፍሬኑን ጨርሼ፣ ልቤ አላርፍ ብሎ፣ ያን ቱቦ ፈታሁት። ያው ስስ ወዝ፣ ጠብታ ያህል እንኳ አልጨመረም። ሹፌሩ እህል ጭኖባት በዚያ ሁሉ ኮረኮንች ሲወርድና ሲወጣ መክረሙን፣ ሞተሯን አንድ ቀን ያስከፈተው ነገር እንደሌለ አጫወተኝ። ከዚያ «እጁ ይባረክ፤ ማን ነው ያወረደው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልሁት።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። የወጋሁት እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ፤ በማግስቱ የጨመርኋት ውሸት ከገበያዋ ይልቅ አንገበገበችኝ። የመጀመሪያዋን በሰው ፊት ደንግጬ ነው ብዬ ለራሴ እነግረው ነበር። ለዚህች ግን ምክንያት አጣሁላት። በሳምንቱ ወደ ሱቃቸው ሄድሁ።

ሳሙና እየቆረጡ አገኘኋቸው። ተቀመጥ አሉኝ፤ አልቀመጥም አልሁ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኋቸው፦ ሞተሩ ደኅና እንደነበር፣ ያን ቀንም እንደማውቅ፣ ጎሚኒው አለመዞሩን፣ ለሹፌሩ ያልሁትንም ጭምር። ሳሙናውን አስቀመጡት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረጉ። ይንቀጠቀጡ ነበር።

«ይህ ከአምና ወዲህ የመጣ ነው» አሉ። «ያኔ አልነበረም። እኔማ ሞተሯን አውቃት ነበር። አንተ ግን ከእኔ ተሽለህ ተምረሃልና እጄን ትቼ አንተን አመንሁ።»

ይቅር ይበሉኝ አልኋቸው። ይቅር ማለቱ አይቸግረኝም አሉ፤ አስተያየታቸው ላይ ቁጣ አልነበረም። «ግን ይህን ለእኔ ብቻ መንገርህ ምን ይጠቅማል? በገበያ ያልኸውን በገበያ በለው። አስቀድመህ ደግሞ ለእሷ ንገራት» ብለው ወደ ባለቤታቸው አመለከቱ።

ባለቤታቸው ጨው እየመዘኑ ነበር። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ሁለተኛ ጊዜ መናገር ይቀላል የሚል ሰው ተናግሮት አያውቅም። እስክጨርስ ሚዛኑን ይዘው ሰሙኝ።

«ሥራውን ይተዉት ያልኋቸው እኔ ነኝ» አሉ ሳበቃ። «የተማረ ልጅ ነው፣ እሱ ካለ ነው አልሁ። መፍቻቸውን ሰብስቤ ለቁራሌው የሸጥሁባቸው እኔ ነኝ። አልቅሰው ነበር።»

አንዲት ሴት ጨው ልትገዛ ገባች፤ ወደ እሷ ዞሩ። ማንም ቆይ አላለኝም።

ከዚያ ወዲህ አርብ ብዙ ጊዜ መጥቶ ሄዷል። በየአርቡ ወደ ገበያው እወርዳለሁ። ፒካፗ የቆመችበትን ቦታ አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ከበውኝ ከነበሩት ብዙዎቹን በመልክ አውቃቸዋለሁ፣ መምህር ደኅና ዋልህ ይሉኛል። አንድ ጊዜ እዚያው ቦታ ቆሜ ጮክ ብዬ «ስሙኝማ» አልሁ። አምስት ስድስት ሰው ዞሮ አየኝ። ሽማግሌው ከመስጊዱ እየወረዱ ነበር፤ እሳቸውም ቆሙ።

የሽንኩርት ዋጋ ጠየቅሁ። ሁለት ኪሎ ገዝቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።