ዘግይቶ የተደረሰ ለቅሶ

ከቤታችን ከፍ ብሎ በሚያልፈው መንገድ ላይ ድንኳን ሲተከል፣ የፕላስቲክ ወንበሮች ከጭነት መኪና እየወረዱ እርስ በርስ ሲጋጩ የሚያሰሙት ድምፅ አለ። ያንን ድምፅ ስሰማ፣ ለለቅሶ ይሁን ለሠርግ እንኳ ሳላውቅ ጆሮዬን እቀስራለሁ። ቀጥሎ ኪቦርዱ ይሞከራል፣ አንዱ ወጣት በማይክሮፎን «ሀሎ፣ ሀሎ» ይላል፣ ከዚያ የመዝሙሩ መግቢያ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ እኔም የያዝኩትን ትቼ መስኮቱን ልዘጋ እሄዳለሁ። የሚያየኝ ሰው መዝሙር የምጠላ ይመስለዋል። አልጠላም፤ ከጡት ጋር የጠጣሁት ነገር ነው። እናቴ አስቴር መካኒሳ በነበረችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራኑ መሪ ድምፅ ነበረች፣ እሑድ እሑድ ብድግ ስትል አዳራሹ ውስጥ ያሉ ሕፃናት እንኳ ጸጥ ይሉ ነበር።

ያኔ ብዙ ተከራይ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ይዘን እንኖር ነበር፤ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና ገና ኮልታፋ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ናሆም። ወላጆቼ ከሆሳዕና ወዲያ ካለው ገጠር መጥተው ከተማ የተገናኙ ናቸው። አባቴ ልስን ሠራተኛ ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ ለቡ በሚሠሩት ፎቆች የሰው ግድግዳ ሲለስን ይሰነብትና፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔን አስከትሎ ፉሪ እየሄደ ለእኛ የጀመራትን ቤት ይሠራ ነበር። እየሠራም የእናቴን መዝሙሮች ያንጎራጉራል፣ ድምፁ ግን አያድርስ ነው፣ እናቴ አብራን ካለች «አንተ ሲሚንቶህን ያዝ፣ መዝሙሩን ለእኔ ተውልኝ» ትለው ነበር፣ እሱም እየሳቀ ጭራሽ ይብስበታል። ግድግዳዋን አቁሞ፣ ቆርቆሮ አልብሶ፣ ወለሏን በሲሚንቶ አለስልሶ፣ በርና መስኮት ብቻ ሲቀረው ክረምቱ ገባ።

በሐምሌ አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ፣ አባቴ ደረቱን ይዞ ከሥራ ቀረ። ከሥራ ሲቀር አይቼው ስለማላውቅ እንደ በዓል ቀን ቆጥሬው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስለፈልፍበት አረፈድኩ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶች በብርድ ልብስ ተሸክመው ታክሲ ውስጥ አስገቡት፣ ሲመሽ እናቴን ደግፈው ተመለሱ፣ እሱ ግን አብሯቸው አልነበረም።

የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ያደረጉልንን ዘመድም አላደረገልንም፣ ይኼን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ነው። በጭቃው ውስጥ ድንኳን ተክለው፣ ምግቡን ከየቤታቸው ተሸክመው፣ ናሆምን አዝለው፣ ሌላው ቀርቶ ልብሳችንን አጥበው አሰነበቱን። ወጋችን ግን ሙት በመዝሙር እንጂ በዋይታ አይሸኝም የሚል ነበር። የአባቴ እህቶች ከገጠር መጥተው፣ ከአስፋልቱ ጀምረው ደረታቸውን እየመቱና ስሙን በሀዲይኛ እየጠሩ ሲቃረቡ፣ አንድ ደግ ሽማግሌ በሩ ላይ ተቀብለው «እህቶቼ፣ እኛ ተስፋ ያለን ሰዎች ነን፤ በመዝሙር ነው የምንሸኘው» አሏቸው። አክስቶቼ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከትተው ገቡ፣ በተቀመጡበትም ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አይ ነበር። በኋላ ማይክሮፎኑን ለእናቴ ሰጧት። ጥቁር ልብሷን እንደለበሰች ተነሥታ ዘመረች፣ ድምፅዋ አንዴም አልተሰበረም፣ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ «ጌታ አጽንቷታል፣ ጌታ አጽንቷታል» ይባባል ጀመር።

ውሃ በጆግ ይዤ ሳዞር፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ላምቦሬ ከሽማግሌው ጋር ሲነጋገር የሰማሁት በዚያን ጊዜ ነው። «እንዲህ ጸንታ ካየናትማ ልጆቹ ከእሷው ጋር ይሁኑ» ይል ነበር። «ካቃታት ግን ናሆም የወንድሜ ስም ማስጠሪያ ነው፣ እኛ ጋ ነው የሚያድገው።» ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሲናገርም ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። እኔ ግን የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ እስከዘመረች ድረስ ናሆምን አይወስዱብንም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የእናቴን ድምፅ መጠበቅ የእኔ ሥራ ሆነ።

መስከረም ላይ የኪራዩን ቤት ለቀን ፉሪ ገባን። በሩ ቆርቆሮ፣ መስኮቶቹ ላስቲክ ነበሩ፣ ሰፈሩም ገና ቤት ከቤት የተራራቀበት ሜዳ ነበር። እናቴ በቤተ ክርስቲያን እህቶች ምክር ጥቁሩን አውልቃ፣ ከእንቅልፏ ስትነቃ ጀምራ ትዘምር ነበር፤ ስታጥብ፣ ስትጠርግ፣ ጄሪካን ተሸክማ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ። መጀመሪያ ደስ ይለኝ ነበር። በኋላ ግን ዝምታዋ ያስፈራኝ ጀመር፤ አንዱን መዝሙር ጨርሳ ሌላው ቶሎ ካልመጣላት፣ ትንፋሿ እያጠረ፣ ሰው የጠራት ይመስል ብድግ ብላ ወደ መንገዱ ትሮጥ ነበር። ስለዚህ ዝም ስትል እኔ አነሣላታለሁ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሩቅ ጆሮዬን ቀስሬ፣ ድምፅዋን ከሰማሁ ቀስ ብዬ እራመዳለሁ፣ ካልሰማሁ እሮጣለሁ። ክፍል ውስጥም ልቤ ሲመታ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ የእሷን መዝሙር በሆዴ አዜም ነበር፣ መምህሩ ጠይቀውኝ ሳልሰማቸው ስቀር ልጆቹ ይስቁብኛል።

ባለፈው ዓመት አሁን የምሠራበት መሥሪያ ቤት ስለ ጭንቀት የምታስተምር ባለሙያ ጋብዞልን ነበር። «ሰው ስታጡ፣ ቤት ስትቀይሩ፣ ሕይወታችሁ ሲገለባበጥ፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ክፈቱ፣ ትንፋሻችሁን ተከተሉ፣ ያላችሁበትን ሰዓት አስተውሉ» አለችን። መልካም ምክር ነው፣ ሞክሬውም ጠቅሞኛል። ግን ዜማው መድኃኒት የሚሆንበትን ጊዜ፣ የሚፈላ ድስት ላይ እንደሚጫን ክዳን ከሚሆንበት ጊዜ በምን እንደምንለየው ትነግረን ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ሰዓቱ አለቀባት መሰለኝ አልነገረችንም።

ኅዳር ላይ ብርዱ ሲከብድ እናቴን ጉንፋን ያዛትና ድምፅዋ ጨርሶ ጠፋ። ልትዘምር አፏን ትከፍታለች፣ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። በማግስቱ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ፣ ውሃ እንደወሰደው ሰው አየር እየሳበች አፍጣ ስታየኝ የማውቀውን መዝሙር ሁሉ ዘመርኩላት፣ እሷ ግን በመዳፏ አፌን ያዘችኝ። ናሆም ማልቀስ ጀመረ። ዝንጅብል ያድናት መስሎኝ ወደ ታች ወዳለችው የቆርቆሮ ሱቅ በረርኩ።

የሱቋ ባለቤት እትዬ ሙኒራ የምትባል የስልጤ ሴት ነበረች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ስመጣ ለስላሳ የምንገዛው ከእሷ ስለነበር ታውቀኛለች። ዝንጅብሉን በጋዜጣ እየጠቀለለች «አባትሽ ደግሞ የት ጠፋ? በሩን ሳይገጥም» አለችኝ።

«ሞቷል።»

እጇ ባለበት ቀረ። «መቼ?»

«ሐምሌ ላይ።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ሥራ በዝቶበት መስሎኝ» አለች። «ቀኑን ሙሉ መዝሙር ነው የሚሰማው ከቤታችሁ። ደስታ መስሎኝ።» ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ሱቋን ዘግታ፣ ጥቁር ሻርፕ ደርባ ተከተለችኝ።

በራችን ሳንደርስ ማልቀስ ጀመረች፤ አስከሬኑ ገና ቤት ውስጥ ያለ ይመስል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። «ሳልሰማ ቀረሁ፣ እህቴ። ከደጅሽ ሆኜ ሳልሰማ ቀረሁ። አላህ ሶብሩን፣ ጽናቱን ይስጥሽ» እያለች እናቴ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ለቅሶ ልትደርስ ነበር የመጣችው፣ ድንኳኑ ከፈረሰ ከወራት በኋላ። እንባዋን ጠርጋም ያ ሁሉ ሰው ያልጠየቃትን ጠየቀቻት። «እስቲ ከጠዋቱ ጀምረሽ ንገሪኝ። እንዴት አድርጎት ነው?»

እናቴ በዚያ በጠፋ ድምፅዋ ነገረቻት። አጥሚት ብሎ እንዳሠራት፣ ሁለቴ ፉት ብሎ እንደተወው፣ የሥራ ልብሱን ልታጥብለት ስትል «ተይው፣ ነገ እለብሰዋለሁ» እንዳላት። እዚህ ስትደርስ ግንባሯን ወለሉ ላይ ደፍታ፣ ድምፅ በሌለው ለቅሶ መላ ሰውነቷ ይናወጥ ጀመር። ፈራሁ፣ ላድናት ብዬ መዝሙር ላነሣ ስል እትዬ ሙኒራ ወደ ጎኗ ሳብ አድርጋኝ «ተያት ልጄ፣ ይውጣላት» አለችኝ።

በጋውን ሁሉ ከሰዓት በኋላ ሱቁን ለባሏ እየተወች ትመጣ ነበር። ብዙ አያወሩም። ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው፣ ላስቲኩ በነፋስ ሲርገበገብ፣ ከለቡ በኩል የኮንክሪት ማደባለቂያ ሲያጓራ፣ አሸዋ የጫኑ አህዮች ሲያልፉ ዝም ብለው ይሰማሉ። እናቴ መዳፏን አባቴ ባለሰለሰው ወለል ላይ አድርጋ፣ ትንፋሿ ሲገባና ሲወጣ እየጠበቀች ትቆይና፣ ለቅሶ ሲመጣ ታለቅሳለች፣ ሲሄድላት ተነሥታ ሥራዋን ትሠራለች። ድምፅዋ ሲመለስም ቃል የሌለው ዜማ ማንጎራጎር ጀመረች፣ ስታቆመው ደግሞ ምንም አትሆንም። ወደ መንገድ መሮጧ ቀረ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ሣር እየነጨሁ፣ ከልጆች ጋር እየተጣላሁ፣ እንደ ማንኛውም ልጅ ዘግይቼ እገባ ነበር።

ሚያዝያ ላይ፣ የበልጉ ዝናብ መሬቱን ሲያረጥብ፣ አጎቴ ላምቦሬ ለፋሲካ ቆጮና ቅቤ ይዞልን እንደሚመጣ ተሰማ። ሲመጣ ምን ሊያይ እንደሚመጣ ስለማውቅ ቤቱን ጠርጌ፣ ናሆምን አጥቤ፣ እናቴን «እማ፣ አጎቴ ሲመጣ ትዘምሪያለሽ አይደል?» አልኳት። «እሞክራለሁ» አለችኝ።

አጎቴ በልቶ፣ ጸልዮ፣ ናሆምን ጭኑ ላይ አስቀምጦ «እስቲ አስቴር፣ ያን ቀን ድንኳን ውስጥ የዘመርሽውን ዘምሪልን። አገር ቤት ድረስ ነው የተወራልሽ» አላት። እናቴ ጀመረች፣ ጥቂት ሄዳ እንባዋ ወረደ፣ አልጠረገችውም። ረጋ ብላ «ጋሼ፣ አልታመምኩም። ማልቀስ የቻልኩት ገና አሁን ነው» አለችው። «አውቃለሁ እህቴ፣ አውቃለሁ» አላት፣ ለበሽተኛ በሚነገርበት ድምፅ። የእሱም ዓይን እንባ አቅርሮ ነበር። እትዬ ሙኒራ ነገሩን ከእኔ ሰምታ መጥታ «ኧረ ጋሼ፣ አሁን እኮ ነው ደኅና የሆነችው፤ ያኔ ቢያዩዋት ነበር» ብትለውም፣ በጨዋ ደንብ አመስግኗት በማግስቱ ናሆምን ይዞት ሄደ። እናቲቱ እስክትጠነክር ለጥቂት ጊዜ ነው ተባለ። ናሆም ሽርሽር የሚሄድ መስሎት ደስ ብሎት፣ በአጎቴ ትከሻ ላይ ሆኖ እጁን እያውለበለበልን ነበር የሄደው።

በቀጣዩ ክረምት ቤቱ ለሁለት ሰው ሰፋብን። የቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው እናቴ ስታለቅስ ሲያገኟት የሐዘን መንፈስ ነው ብለው ጸለዩላት፣ እሷም አሜን ብላ ሸኘቻቸው። ናሆም በመስከረም ይመለሳል ተብሎ በመስከረም ትምህርት ቤት አስገቡት፣ በኋላም እዚያው ለመደ። ልናየው ስንሄድ አማርኛው ጠፍቶበት ነበር፣ እናቴ በሀዲይኛ ስትጠራው አክስቴ ጀርባ ተደበቀ።

ዛሬ ቤታችን የብረት በርና ባለ መስታወት መስኮት አለው፣ ሜዳው በቤት ተሞልቷል፣ ማን እንደሞተም በስልክ ወዲያው ይነገረናል። ናሆም ሆሳዕና መምህር ሆኗል፣ በዓመት አንዴ ልጆቹን ይዞ ይመጣል፣ ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣል፣ ውሃ ሲፈልግ «ካላስቸገርኩ» ይለኛል። እናቴ ዛሬ ማልቀስ አያሳፍራትም፤ እኔ ፊት፣ እትዬ ሙኒራ ፊት፣ ሲመጣባት ታለቅሳለች፣ ሲወጣላት ተነሥታ ራቷን ትሠራለች። ናሆም ባለበት ግን አንዲት እንባ ታይታባት አታውቅም። ሊመጣ ሲል ፊቷን ትታጠባለች፣ ልጆቹን ታጫውታለች፣ ታክሲ እስኪይዝ ድረስ ትስቃለች። ባለፈው ከሸኘነው በኋላ መንገዱ ዳር እንደቆምን «እማ፣ ትልቅ ሰው ሆኗል እኮ፣ ከእንግዲህ ማንም አይወስደውም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ግን ሳለቅስ ካየኝ ተመልሶ አይመጣ ይሆናል።»