ሁለት ዓይን ያላቸው ጨፋሪዎች

ጋሼ ጓንጉል ከራጉኤል ወደ መሳለሚያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር በቆርቆሮ ግድግዳ ተዋስነው የሱቅ ማስታወቂያ ይስሉ ነበር። ለጸጉር አስተካካዩ መቀስ፣ ለሥጋ ቤቱ ሰንጋ ይስላሉ። የሚስሉት ሰንጋ ሁልጊዜ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያፈጣል። ባለ ሥጋ ቤቱ ባህረዲን፣

«ጋሼ፣ ይሄ በሬ ደንበኛ እያስደነገጠብኝ ነው፤ ትንሽ ዞር ቢያደርጉት ምናለ?» ቢላቸው፣

«ምን አጠፋና ነው አንድ ዓይኑን የምነሳው?» አሉት።

ሥዕል የተማሩት በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሥር ነው። በዚያ ትምህርት ደግ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ይሳላል። ሰይጣንና ይሁዳ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ናቸው። አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ግን ግድግዳ የሰጣቸው ሰው አልነበረም፤ ሠላሳ ዓመት በቆርቆሮ ላይ ነው የኖሩት።

እኔ ያን ጊዜ የቀበሌው የባህል ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ስለቀረሁ፣ ያልተማርኩትን የተማርኩ ለመምሰል የማልሆነው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ እሳቸው ዘንድ እቀመጣለሁ። ከግድግዳቸው ላይ ሦስት የጭፈራ ሥዕሎች ነበሩ፤ ሥዕል ማየት ያስተማሩኝ በነዚያ ነው።

«ይቺን እያት፣ አበራ» ይሉኛል። ከመምህራቸው የገለበጧት የካህናት ሽብሸባ ናት። «እግራቸው አልተነሳም። መቋሚያቸውን ግን ተመልከት፣ ሁሉም ወደ አንድ በኩል አዘንብሏል። ዜማው ያለው እዚያ ላይ ነው።»

ሁለተኛው በንጉሡ ዘመን የታተመ የሆቴል ካላንደር ነው፤ እስክስታ የምትወርድ ሴት አለችበት። «የዚህ ሠዓሊ እጅ የተባረከ ነው፤ ትከሻዋን በሦስት ቀለም ደራርቦ አንቀጠቀጠው። ሴትዮዋ ግን ማን ናት? ፊቷን ረስቶታል።»

ሦስተኛው የአብዮቱ ፖስተር ነው። ጨፋሪዎቹ ክንዳቸውን አንስተው ሁሉም በጎን ወደ ሩቅ ያያሉ። ጋሼ በሩን አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እነዚህስ ይጨፍራሉ ወይስ ይሰለፋሉ?»

በ1976 ክረምት ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ዝግጅት የቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ለእሳቸው ተሰጠ። የቀበሌውን የኪነት ቡድን ዘጠኝ ጨፋሪ ልጃገረዶች እንዲስሉ ነበር። ያን ሰሞን ጋሼ ጓንጉል ጢማቸውን ተላጭተው፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ነው መሰላል ላይ የሚወጡት። ዓይን መጨረሻ ላይ ነው የሳሉት። «ዓይን ከሰጠኸው በኋላ ያይሃል፤ እንደ ልብህ አትሠራም» አሉኝ።

ከጨፋሪዎቹ አንዷ፣ የጨርቅ ነጋዴው የሐምዱ ልጅ ዙህራ፣ መጥታ ራሷን አየች።

«ጋሼ፣ ዓይኔ እንዲህ ያምራል እንዴ?»

«ከዚህም ያምራል፤ ቀለም አንሶኝ ነው።»

ሥራው ባለቀ ማግስት የቀበሌው ካድሬ ጓድ ከተማ ከበላይ አካል የመጡ ሦስት እንግዶች ይዞ ገባ። እጁን ኪሱ ከትቶ ግድግዳውን አየ።

«ምንድን ነው ሁሉም እኛ ላይ የሚያፈጡት? ጭፈራ ነው ወይስ የመታወቂያ ፎቶ?»

እንግዶቹ ሳቁ። ጋሼ ጓንጉል ቡርሻቸውን በጨርቅ መጥረግ ቀጠሉ። አብሬ ስቄ ዝም ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን እንግዶቹ የተማሩ ይመስሉ ነበር፤ እኔም እንደ እነሱ መታየት አማረኝ።

«ጓድ፣ ይህ ከዘመን ዘመን የሚለያይ ነገር ነው» ብዬ ጀመርኩ። የካህናቱን መቋሚያ፣ የካላንደሩን ትከሻ፣ ሁሉንም እንደ ራሴ ምርምር ዘረዘርኩት። እንግዶቹ ራሳቸውን ሲነቀንቁ ልቤ አበጠ። «ስለዚህ በጥንቱ ሥርዓት በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣን ብቻ ነው። ጋሼ ጓንጉል ልጆቹን እንዲያ መሳል አልሆነላቸውም።»

ስለ ፖስተሩ ያሉትን ብቻ ዋጥኩት። ይህን እንደ ውለታ ልቆጥረው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ።

ጓድ ከተማ አንገቱን ቀስ ብሎ ወደ መድረኩ አዞረ። እዚያ የሦስቱ ጢማም የኮሙኒስት መሪዎች ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ሦስቱም በጎን፣ ሦስቱም በአንድ አንድ ዓይን። በየቀኑ ከሥሩ እየተቀመጥኩ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም።

«እነዚህስ?» አለ ጋሼን።

«እሱን እኔ አልሳልኩትም፣ ጓድ» አሉ ጋሼ ጓንጉል።

የሳቀ አልነበረም። ሊያስሯቸው ይችሉ ነበር። ሽማግሌ ናቸው ተብሎ፣ ግድግዳውን በገዛ እጃቸው ኖራ እንዲቀቡ ብቻ ተወሰነ። ሌላ ሠዓሊ ተጠራ።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄ ብለው አልቀሩም፤ ባልዲ ኖራ ይዘው መጡ። «መሰላሉን ያዝልኝ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ኖራውን ከእግር ጀመሩ፤ ቀጥሎ ቀሚስ፣ እጅ፣ ትከሻ። በመጨረሻ የተቀባው ሁሉ ደርቆ በነጣው ግድግዳ ላይ የቀረው ዘጠኝ ጥንድ ዓይን ብቻ ነበር። ጋሼ ከመሰላሉ ወርደው ቡርሹን ሰጡኝ።

«ዓይኑን አንተ ጨርስልኝ። እኔ አልችልም።»

ወጣሁ። አንድ በአንድ ቀባሁት፤ የዙህራን መጨረሻ ላይ። እርጥብ ኖራ ግን አይሸፍንም። ሁሉም ከኖራው ሥር ሆነው ያዩኛል። ደግሜ ቀባሁ፤ አሁንም ያያሉ። ሦስተኛ ጊዜ ባልዲው ውስጥ ስነክር ጋሼ ጓንጉል ከታች መሰላሉን እንደያዙ፣ ሁልጊዜ ሲያስተምሩኝ በሚናገሩበት ድምፅ፣

«በቃ አትደራርበው፣ ልጄ» አሉኝ። «ሲደርቅ ይሸፍነዋል።»